967 ሜትር ብቻ ነው ብላችሁ እንዳትነሱ

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። ሦስት ሆናችሁ ከለንደን ልትመጡ ነው። በሴፕቴምበር መጨረሻ፣ በአንድ ቅዳሜና እሁድ፣ ስኮትላንድ ውስጥ ከመንገድ በጣም የራቀውን አ ቫይጀንን ልትወጡ አስባችኋል። መነሻችሁ ኮሪ ሃሊ፣ ማደሪያችሁ ሸናቫል። «ተራራው 967 ሜትር ብቻ ነው፤ አዲስ አበባ ላደግን ልጆች ይከብደናል ወይ?» ብለሽ ነው የጠየቅሽው። እኔ ግላስጎው ነው የምኖረው። ይህን ተራራ ሁለቴ ሞክሬዋለሁ። አንዴ ከወንዝ ዳር ተመለስኩ፣ አንዴ ጫፉ ላይ ቆምኩ። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ።

ከፍታው አይከብዳችሁም። አዲስ አበባ ራሷ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ራስ ደጀንማ 4,550 ነው። ግን ይህንን ከቤን ሎሞንድ ጋር አስተያዪው። ቤን ሎሞንድ 974 ሜትር ነው፤ ከአ ቫይጀን በ7 ሜትር ይበልጣል። ከግላስጎው አንድ ሰዓት ገደማ ነድተሽ፣ በተሠራ መንገድ ወጥተሽ፣ ከሰዓት በኋላ ቤትሽ ትገቢያለሽ። አ ቫይጀን ግን ከፑልዩ መንደር ሲነሱ ደርሶ መልስ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ያውም ረግረግ ያለበት። ድካሙ ያለው እርቀቱ ላይ ነው። አደጋው ደግሞ ውሃው ላይ።

ስለ ጫማ ጠይቀሻል፣ ስለ ድንኳን ጠይቀሻል፣ ስለ ምግብ ጠይቀሻል። ስለ ወንዝ ግን አንድም ቃል አላየሁም። ይህን ሁሉ እንድጽፍ ያደረገኝ እሱ ነው።

ሸናቫል ቦቲ ነው። ቦቲ ማለት ለመንገደኛ ክፍት የተተወ፣ ክፍያም መብራትም የሌለው የድንጋይ ቤት ነው። ከኮሪ ሃሊ እዚያ መድረስ ከሁለት እስከ ሁለት ሰዓት ተኩል ይወስዳል፤ ይሄ ችግር የለውም። ችግሩ ከቤቱ በታች ይጀምራል። ወደ ተራራው ለማለፍ ሁለት ወንዝ በእግር መሻገር አለባችሁ። መጀመሪያ ከስትራዝ ና ሺያልግ የሚወርደውን፣ ቀጥሎ ረግረጉን አልፋችሁ ከግሌን ና ሙክ የሚመጣውን። ድልድይ የለም።

እኛ አራት ሆነን የሄድነው ልክ እንደ እናንተ በሴፕቴምበር ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ዘነበ። ጠዋት ላይ አባርቶ ነበርና ወጣን። የመጀመሪያው ወንዝ እስከ ጉልበት ነበር፤ ተሻገርነው። ረግረጉን ጨርሰን ሁለተኛው ጋ ስንደርስ ግን ውሃው ጥቁር ሻይ መስሏል። ከሥሩ ድንጋይ ከድንጋይ ሲጋጭ ይሰማል። ድው፣ ድው ይላል። ያ ድምፅ ሲሰማ መግባት የለም። አንዱ ጓደኛችን ውሃው ጠርዝ ላይ አንድ ነጭ ድንጋይ አስቀመጠና «እስቲ እንየው» አለ። ቁጭ ብለን ቆሎ በላን። ከሃያ ደቂቃ በኋላ ድንጋዩ አይታይም።

ዝናቡ ቆሟል፣ ወንዙ ግን እየጨመረ ነው፤ ምክንያቱም ከላይ ከተራራው የሚወርደው ውሃ ገና መድረሱ ነው። እኛ ደግሞ በሁለት ወንዝ መሃል ነን። ሮጠን ወደ መጀመሪያው ተመለስን። ጠዋት ጉልበት የነበረው ታፋ ደርሷል። የቦርሳችንን የወገብ ማሰሪያ ፈታን፤ ብትወድቂ ቦርሳው ይዞሽ እንዳይሄድ ነው። ክንድ ለክንድ ተያይዘን፣ ጠንካራውን ከላይ በኩል አድርገን፣ ፊታችንን ወደ ወራጁ አዙረን፣ አንድ አንድ እግር እያልን አለፍን። ከመካከላችን አንዷ ሁለቴ አዳለጣት። እግሬ እስኪደነዝዝ ድረስ ቅዝቃዜው ገብቶ ነበር። ያን ቀን አምስት ደቂቃ ብንዘገይ ማዶ እናድር ነበር፣ ያለ ድንኳን።

ገጠር ያደገ ሰው ይህን ያውቀዋል። ክረምት ላይ ወንዝ ሲሞላ ገበያተኛው ዳር ተቀምጦ እስኪጎድል ይጠብቃል፤ አያፍርም። እኛ የከተማ ልጆች ግን የባቡር ትኬት ተቆርጧል፣ ሰኞ ሥራ አለ፣ ስለዚህ ያስቸኩለናል። ለዚህ ነው ሁለት ቀን ብቻ ይዛችሁ እንዳትመጡ የምለው። ሦስተኛ ቀን ይኑራችሁ። የሚጠብቅበት ቀን የሌለው ሰው ነው ወንዙ ሞልቶ እያለ የሚገባው።

የእኔ ምክር መነሻውን ወደ ፑልዩ ቀይሩት ነው። ከኢንቨርነስ በመኪና ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። መንገዱ አንዳንድ ቦታ ለአንድ መኪና ብቻ ስለሚበቃ መተላለፊያዎቹ ላይ ቆም እያላችሁ ንዱ። ከመንደሩ እስከ ከርንሴሪ የመኪና ጥርጊያ አለ፤ ብስክሌት ካገኛችሁ ያንን ያህል እግራችሁ ያርፋል። ከዚያ ጫካውን አልፎ ቀጭን የእግር መንገድ ወደ ካርንሞር ይወስዳል። በፊዮን ሎክና በዱብ ሎክ ሐይቆች መካከል በድንጋይ የተሠራች ጠባብ መሻገሪያ አለች። እሷ ላይ ስትቆሚ ግራና ቀኝሽ ውሃ ነው፣ ፊት ለፊትሽ ገደል ነው፣ ሰው የሚባል የለም። እኔ እዚያች ቦታ ላይ ዝም ብዬ የቆምኩትን ያህል የትም አልቆምኩም። በዚህ በኩልም ጅረት አለ፣ ከከባድ ዝናብ በኋላም ያስቸግራል፤ ግን እነዚያን ሁለት ወንዞች ያስቀርላችኋል።

ካርንሞር አጠገብ ድንኳን ተክለን አደርን። አንድ አሮጌ ጎተራም አለ፣ ለክፉ ቀን መጠለያ ይሆናል። ከዚያ የአጋዘን አዳኞች የሠሩት ጥሩ ዱካ በፉዋር ሎክ ሞር በኩል ወደ ማለፊያው ያወጣል። ጫፉ ለመድረስ ሦስት ሰዓት ተኩል ፈጀብን። አናቱ ሣር ነው፣ በምዕራብ በኩል ግን ድንገት ገደል ነው። ጭጋግ ከመጣ ከጠርዙ ራቁ። የተራራው ስም በጌሊክ፣ በስኮትላንድ የቆየ ቋንቋ፣ «ልጃገረዷ» ማለት ነው።

ጊዜውን በተመለከተ፣ ቢቻል ወደ ሜይ አጋማሽ ግፉት። በምዕራቡ በኩል ከኤፕሪል እስከ ጁን ያለው ጊዜ ከሌላው ደረቅ ይላል። ሚጅ የምትባለው ደቃቅ ተናካሽ ገና አልበዛችም። ብርሃኑም ከ16 ሰዓት በላይ ነው። በሴፕቴምበር መጨረሻ ቀኑ እንደ አገራችን 12 ሰዓት ብቻ ነው፤ ጠዋት 1 ሰዓት ነግቶ ማታ 1 ሰዓት ይመሻል። ያ ወቅት የአጋዘን አደን የሚጦፍበትም ነው፤ በተለምዶ እስከ ኦክቶበር 20 ገደማ ይቀጥላል። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው የስኮትላንድ ሕግ በኃላፊነት እስከተጓዛችሁ ድረስ በአብዛኛው ቦታ የመራመድና ድንኳን የመትከል መብት ይሰጣል። ቢሆንም በአደን ወቅት ለርስቱ፣ ማለትም ለሰፊው የግል መሬት፣ ጠባቂዎች አስቀድሞ ደውሎ የት እንደሚያድኑ መጠየቅ ይገባል።

ስለ ዕቃ ብዙ አልልም። ጂንስና ጥጥ አታምጡ። ጋቢም ጥጥ ነው፤ አንዴ ከረጠበ ሸክም እንጂ ሙቀት የለውም። የወረቀት ካርታና ኮምፓስ ያዙ፣ አጠቃቀሙንም አስቀድማችሁ ተለማመዱ፤ ስልክ አብዛኛው ቦታ ላይ አይሠራም። ለእያንዳንዳችሁ የግንባር ባትሪና ፊሽካ ያስፈልጋል። ለምግብ በሶና ጭኮ የሚያህል የለም። በሶን በቀዝቃዛ ውሃ መትታችሁ ትጠጣላችሁ፣ ምድጃ አያስፈልግም። ማታ ማታ መዥገር ፈልጉ፤ ጉልበት ጀርባና ብብት ሥር ትወዳለች፣ በሽታም ታስተላልፋለች።

ከመነሳታችሁ በፊት ሦስት ነገር አድርጉ። «register» ማለትም «መዝግቡኝ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል በቴክስት ወደ 999 ላኩ፤ ሲግናሉ ለጥሪ ባይበቃም በጽሑፍ እርዳታ መጠየቅ ትችላላችሁ። መንገዳችሁንና የምትመለሱበትን ሰዓት ለአንድ ሰው ተዉ። ክፉ ነገር ከገጠመ 999 ደውላችሁ ፖሊስ፣ ከዚያ የተራራ አድን ቡድን በሉ። በጎ ፈቃደኞች ናቸው፣ አያስከፍሉም። በፊሽካ ከሆነ በደቂቃ ስድስቴ ንፉ፣ አንድ ደቂቃ አርፎ እንደገና።

እስከዚያው ግን በዚህ ወር ቤን ሎሞንድን ውጡ። ጫማችሁን እዚያ ፈትኑት። ቅዳሜ ከሆነ እኔም አብሬያችሁ እመጣለሁ። የፑልዩን መንገድ ካርታዬ ላይ ጅረት በጅረት ምልክት አድርጌበታለሁ፤ ያን ቀን ይዤልሽ እመጣለሁ።