ወይራው ይቆይ፣ ፋጉሎውን መዝኚ

ከቢቸና የጻፍሽልኝ እህቴ፣ ዘንድሮ በኬሚካል ምህንድስና ተመርቀሻል። አካባቢን ሳይጎዳ ስለሚመረት የወይራ ዘይት ብዙ አንብበሽ፣ የደብሩ ግቢ በወይራ የተሞላ ስለሆነ ሥራውን እዚያው ጎጃም ልጀምረው ወይስ ለማስተርስ ስፔን ልሂድ ብለሽ ጠይቀሽኛል።

የማይጥመውን አስቀድሜ ልንገርሽ። የእኛ ወይራ ዘይት ከሚወጣለት ወይራ ጋር የቅርብ ዘመድ ነው፤ ፍሬው ግን ጥቃቅን፣ ሥጋውም ስስ ነው። ጋን ታጥኚበታለሽ፣ ጥሩ በትርም ይወጣዋል፤ መጭመቂያ አያጠግብም። የሜዲትራኒያኑን ችግኝ ላስመጣ ብትዪ፣ ያ ዛፍ የለመደው ዝናቡን በብርድ ወራት ጠጥቶ በጋውን በደረቅ ሙቀት ማሳለፍ ነው። የጎጃም ክረምት ሲያወርድበት ምን እንደሚሆን ለማየት ዓመታት ይፈጃል፤ አንቺ ደግሞ ደመወዝ ትፈልጊያለሽ።

ያነበብሽው ግን ይጠቅምሻል። የወይራ ዘይት ትልቁ ጣጣ ተከትሎት የሚወጣው ጥቁር ውሃ ነው። ፌኖል የሚባል ለተክል መርዝ የሆነ ውህድ ስለሚበዛበት ማሳ ላይ በብዛት ቢደፋ ቡቃያ ያደርቃል፣ ወንዝ ከገባ የውሃውን ኦክስጅን ይጨርሳል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ስፔኖች ውሃ እምብዛም ሳይጨመርበት ዘይቱን የሚለይ ማሽን ሲያስገቡ ጥቁሩ ውሃ ቀነሰ፤ በምትኩ ለማድረቅ የሚያስቸግር እርጥብ አተላ ተረከቡ። ጣጣው ቦታ ቀየረ እንጂ አልጠፋም። የት እንደሄደ ተከትሎ የሚመዝን ሰው ነው ለፋብሪካ የሚጠቅመው።

አሁን ወደ ኑግ ነይ። ኑግ ደርቆ ስለሚጨመቅ ጥቁር ውሃ የለውም፣ ዘይቱ ወጥቶ የሚቀረው ፋጉሎም ለከብት ይሸጣል። ችግሩ ያለው ማጣሪያው ላይ ነው፦ ዘይቱ በኮስቲክ ሶዳ ሲታከም የሚወጣው ሳሙናማ ዝቃጭ፣ የማሞቂያው ነዳጅ፣ ቀለሙን መጦ ዘይት ይዞ የሚቀረው አፈር። (ይህ አፈር ተከምሮ ሲቆይ በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል፤ ቃለ መጠይቅ ላይ አንሺው።) ማሳውም አለ። ኑግ ያለ ንብ በቅጡ አያፈራም፤ አበባው ላይ መድኃኒት የሚረጭ ገበሬ ማሩንም ፍሬውንም ያጣል።

ስለዚህ አንድ አነስተኛ የኑግ መጭመቂያ ፈልጊ። ባለቤቱን የሚያውቅ ሰው ይዘሽ ሂጂ፤ ብቻሽን ደብተር ይዘሽ ከገባሽ ከገቢዎች የመጣሽ ይመስላቸዋል። ለአንድ ሳምንት የገባውን ኑግ፣ የወጣውን ዘይትና ፋጉሎውን መዝኚ፣ የመብራት ቆጣሪውንም መዝግቢ። ከፋጉሎው ናሙና ወስደሽ ስንት ዘይት እንደቀረበት በተማርሽበት ላቦራቶሪ በሶክስሌት (ዘይትን በሟሟ ፈሳሽ አጥቦ በሚያወጣው መሣሪያ) እዪ። ባለቤቱ «አካባቢ ጥበቃ» ስትያቸው ያዛጋሉ፤ «ፋጉሎዎ ውስጥ ይህን ያህል ዘይት አብሮ እየተሸጠ ነው» ስትያቸው ግን ወንበር ያቀርቡልሻል።

ውጤቱን በአንድ ገጽ ጽፈሽ ከሲቪሽ ጋር አያይዢና ቡሬና ደብረ ማርቆስ ያሉትን ትልልቅ የዘይት ፋብሪካዎች አንኳኪ። «የአካባቢ ጥበቃ ባለሙያ» የሚል ማስታወቂያ እስኪወጣ አትቀመጪ፤ በጥራት ቁጥጥር ወይም በምርት ክፍል ግቢ። ስፔንን ከሁለት ዓመት ሥራ በኋላ ብታመለክቺ ይሻላል፤ ያኔ ማመልከቻሽ ላይ የምትጽፊው የራስሽን ቁጥር ይሆናል። ኑግ የሚታጨደው ከኅዳር ጀምሮ ስለሆነ መጭመቂያዎቹ ሥራ የሚበዛባቸው ከዚያ ወዲህ ነው፤ እስከዚያ ሚዛን የሚያውስሽ ሰው አፈላልጊ።