በሩ አንኮበር፣ ጓዳው ሲኤምሲ

እህቴ ጥያቄሽን ሳነብ ሳቄም ንዴቴም እኩል መጣ። እናትሽ ያን የድሮ ዘመን ተከታታይ ድራማ ስታይ ስልክ እንኳን አታነሳም፣ ሰሜን ሸዋ ነው የተቀረጸው ሲሉ ሰምተሻል፣ ኮንትራት መኪና ይዘሽ ቦታውን አሳይተሻት በዛው ቀን ልትመልሻት ነው፣ ከየት ልጀምር ነው ያልሽው አይደል? የኔም እናት ቁርጥ እሷን ናት። እኔም ይሄንኑ ነገር ኅዳር 2015 ላይ አድርጌዋለሁ፣ ያውም የደብረ ብርሃን ልጅ ሆኜ፣ ተወልጄ ባደግኩበት አገር እንደ እንግዳ ተበልቼ ተመለስኩ። አንቺ እንዳትበዪ ነው የምጽፈው። ረዘመ ካልሽ ቡና አፍልተሽ አንብቢው።

ከላይ ኮመንት ላይ «ልምድ ያለው ልጅ አለ ቁጥሩን ልስጥሽ» ያለሽን ሰው በፍጹም አትስሚው። ለምን እንደሆነ እመጣበታለሁ።

1. በሌሊት ውጪ። 11 ሰዓት ላይ መኪና ውስጥ መሆን አለብሽ። እስከ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ነው፣ ከዛ አንኮበር ሌላ 40 ገደማ አለ፣ ዋናው ነገር ግን ኪሎ ሜትሩ ሳይሆን ጉሙ ነው። ጠዋት ከአንኮበር ላይ ሆነሽ ወደ ታች ስታዪ ቆላው እስከ አፋር ድረስ ተዘርግቶልሽ ነፍስሽ ነው የምትረካው፣ ከሰዓት ጉሙ ከቆላ ተነስቶ ገደሉን እየቧጠጠ ከወጣ ግን የራስሽን ጫማም አታዪም። ድራማው መጀመሪያ ላይ የምትመጣዋ ፀሐይ የምትወጣበት ቦታ እኮ ጠዋት ስለተቀረጸች ነው እንደዛ ያማረችው።

2. ሁለት ቦታ በአንድ ቀን አትሞክሪ። አንኮበርና ጣርማ በር አንድ መስመር አይደሉም፣ ደብረ ብርሃን ላይ ነው የሚለያዩት። ሹፌሩ «ችግር የለም፣ የጣርማ በርን ዋሻም የምኒልክ መስኮትንም ጭላዳውንም አሳይቼ ማታ እመልሳችኋለሁ» ይልሻል፣ ዋጋ ለመጨመር ነው። መንዝና ጓሳን ደግሞ በአንድ ቀን የሚልሽ ሰው ካለ መንዝን አያውቀውም። እኛ እናቴ «እግረ መንገዳችንን አንጎለላንም እንይ፣ ምኒልክ የተወለደበት» ብላ (1836 ነው የተወለደው፣ ከአባቴ ጋር ስትከራከር የኖረችበት ነገር ነው) ጫጫ ላይ ታጥፈን አንድ ሰዓት ከምናምን አቃጠልን። አልቆጨኝም፣ ግን ያቺ አንድ ሰዓት በኋላ አስፈልጋን ነበር።

ስለ መኪና፣ አምስት ስለነበርን ሚኒባስ ያዝን፣ በዛን ጊዜ ከነነዳጁ 7 ሺህ 500 ብር ከፈልኩ። የዛሬን ዋጋ ከዚህ ጋር እንዳታወዳድሪው፣ ታለቅሻለሽ። ክርክርሽ ዋጋው ላይ ብቻ አይሁን፣ «ከአስፋልት ወርደህ ትገባለህ ወይ» ብለሽ ቀድመሽ ጠይቂው። የኛው ኮረኮንች ሲያይ «ይሄ በውላችን የለም» ብሎ ቆመ፣ 500 ብር ጨምሬ ነው የገባው። ደግሞ በዚህ ጊዜ መንገዱ ሰላም መሆኑን ጠዋት ከዛው ከመጣ ሹፌር ሳትጠይቂ እናትሽን ይዘሽ እንዳትወጪ። ጋቢ ይኑራት፣ ጋቢ ብቻ ሳይሆን ካልሲም፣ የኅዳር የደብረ ብርሃን ውርጭ ቀልድ አያውቅም።

3. ደላላ። እህቴ እዚህ ላይ ነው ጉዱ።

ቲክቶክ ላይ ድራማው ስር ኮመንት እየጻፈ የሚመልስ ልጅ ነበር፣ «ፕሮዳክሽን ውስጥ ሠርቻለሁ፣ ሎኬሽኖቹን አንድ በአንድ አሳያለሁ፣ የዋና ተዋናይዋ ቤት ውስጥ አስገባለሁ» የሚል። ደወልኩ። አነጋገሩ ጨዋ ነው፣ እህቴ እህቴ ይላል። ፈቃዱን ጨርሻለሁ አለኝ፣ ቢሮ ስሜን ብቻ ጥሪ አለኝ፣ 4 ሺህ ብር በቴሌብር ላኩ። በዛ ላይ «ጥሩ ካሜራ ያዙ፣ እናትሽን ተዋናይዋ በቆመችበት ቦታ አቁመን እናነሳታለን» ብሎ የወንድሜ ልጅ ከጓደኛው ካሜራ ተዋሰ፣ ከነትራይፖዱ። ልብ በይ፣ ከነትራይፖዱ!

ደብረ ብርሃን ደርሰን ቁርስ ላይ ሆኜ ስደውል «ቀድሜ አንኮበር ገብቻለሁ ኑ» አለኝ። አንኮበር ደርሼ ስደውል ስልኩ ዝግ ነው። እስከ ዛሬ ዝግ ነው።

እሺ፣ ብሩ ሄደ፣ ቦታው እዚህ ነው አልንና የድሮው ቤተ መንግሥት ያለበት ኮረብታ ስር መኪናውን አቆምን። የወንድሜ ልጅ ደስ ብሎት ወርዶ ያንን ባለ ሦስት እግር ነገር ዘረጋጋው። ሁለት ደቂቃ አልሞላም፣ አንድ ልጅ ባጅ አንጠልጥሎ መጣና ፈቃድ አለ። ምን ፈቃድ? የቀረጻ። እኛ ቀራጮች አይደለንም፣ እናቴን ፎቶ ላነሳት ነው። ቢሮ ትጠየቃላችሁ አለ፣ ተከተልነው። የየትኛው ቢሮ እንደሆነ አልጽፍም፣ የአገሬ ሰዎች ናቸው፣ ግን የዛን ቀን ያየሁትን እስክሞት አልረሳውም።

ሰውየው ጠረጴዛው ላይ ቆሎ በትኖ አንድ አንድ እየለቀመ ይበላል። እንደምን አደሩ ስለው ቀና አላለም። «የድርጅታችሁ ደብዳቤ።» ድርጅት የለንም፣ እናቴ ናት ውጪ ያለችው፣ ድራማ ትወዳለች አልኩት። «በግለሰብ ቀረጻ አይፈቀድም።» ኧረ ቀረጻ አይደለም! «ታዲያ ይሄ ምንድን ነው?» ብሎ ትራይፖዱን በእስክሪብቶ ጠቆመኝ፣ መሣሪያ የተያዘ ነው የሚመስለው። እንደ ሞኝ የዛን ልጅ ስም ጠራሁለት፣ ፈቃድ ጨርሷል ብሎናል አልኩት። ያኔ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ ያየኝ፣ «እሱንማ እኛም እየፈለግነው ነው» አለና ቆሎውን ቀጠለ።

ኃላፊው ስብሰባ ናቸው ጠብቁ ተባልን። ከ4 ሰዓት እስከ 7 ሰዓት! እናቴ የ68 ዓመት ሰው ናት፣ ጉልበቷን ያማታል፣ ውጪ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብላ ፀሐይ ሲመታት ጋቢዋን በራሷ ላይ አድርጋ «ተይው ልጄ አትጨቃጨቂ» ትለኛለች። እኔ ግን ጮህኩ። አትጩሂ፣ ምክር ከፈለግሽ ይሄ ነው፣ የጮህኩ ጊዜ ነው «እንግዲያው ካሜራውም እዚህ ይቆያል» ያለኝ። የተውሶ ካሜራ!

ማን እንዳዳነን ታውቂያለሽ? ምሳ ሰዓት ሲደርስ ሰውየው ቢሮውን ቆልፎ ሊወጣ ሲል በሩ ላይ የነበሩት ጥበቃ፣ ሸምገል ያሉ አባት፣ «ልጅ እገሌ፣ ካሜራውን ስጣቸው፣ እናታቸውን አሳቀቃችኋቸው» አሉት፣ እሱም እርቦት ነው መሰለኝ ሰጠን። ከዛ ወደ እኔ ዞረው «ልጄ ይሄን ባለ እግር ነገር መኪና ውስጥ ክተቱትና እንደ ሰው መግቢያችሁን ከፍላችሁ በስልካችሁ አንሱ፣ ማን ጠየቃችሁ» አሉኝ። በቃ። ሦስት ሰዓት ሙሉ ያጣሁት መልስ ይሄ ነበር። የሰርግ ጎረምሳ ሁሉ በስልክ ቪዲዮ እየቀረጸ በአጠገባችን ሲወጣ ሲወርድ ማንም ምንም አላለውም፣ ለነሱ ፊልም ማለት ትራይፖድ ነው።

ኮረብታውን ስንወጣ ጉሙ መጥቶ ነበር። እናቴ በየአሥር ደረጃው እያረፈች፣ እኔን ተደግፋ፣ «ምኒልክ ይሄን በየቀኑ ይወጣ ነበር?» እያለች ወጣን። ላይ ስትደርሺ ትልቅ ቤተ መንግሥት የምታገኚ እንዳይመስልሽ፣ የድሮው ፈርሶ የቀረው የግድግዳ ቅሪት ነው። ሰው ይሄን ሲያይ ይከፋዋል። እኔ ግን ሰውየው እንጦጦ ሳይወጣ፣ አዲስ አበባ የምትባል ከተማ ሳትኖር ሸዋን ከዚህ ላይ ሆኖ ሲገዛ፣ ከሱ በፊትም አያቱ ሣህለ ሥላሴ እዚሁ ሲቀመጥ ሳስበው ግድግዳዋም በዛችኝ።

እናቴ ግን ለታሪክ አልመጣችም። ዙሪያዋን አይታ አይታ «እሷ ያለቀሰችበት ክፍል የቱ ነው?» አለች። ያ መስኮት ያለው፣ ሻማ የሚበራበት፣ ሚስትየው ደብዳቤውን ያቃጠለችበት። ጥበቃው አባት አብረውን ወጥተው ነበር፣ ሳቁ። «እሱ እናንተ ጋ ነው እማማ፣ አዲስ አበባ። እዚህ በር ከፍተው ይገባሉ፣ ውስጡ እዛ ነው።» እንዴት አወቁ ስላቸው ለካ እሳቸው ራሳቸው ድራማው ላይ አሉበት፣ ጋሻ አስይዘው አጃቢ አድርገው አቁመዋቸዋል፣ ሁለት ቀን ሙሉ ቆመው ቲቪ ላይ ጀርባቸው ብቻ ነው የወጣው። በኋላ ድራማ ላይ ድምፅ የሚሠራ የማውቀውን ልጅ ጠየቅኩት፣ እውነት ነው አለኝ፣ ያን መሰል የውስጥ ትዕይንት ብዙውን ጊዜ አዲስ አበባ በተከራዩት ቪላ ውስጥ ነው የሚሠሩት፣ የዚህኛው ሲኤምሲ ሰፈር ነው። መብራት አለ፣ ተዋናዮቹ ማታ ሌላ ሥራ አላቸው፣ ሁሉንም ጭነሽ አንኮበር አድረሽ አብልተሽ አትችዪም። ስለዚህ የውጪውን በሁለት ሦስት ቀን እዚህ ጥርግ አድርገው ይመለሳሉ። እናቴ እስክንወርድ ድረስ አላናገረችኝም፣ እኔ ያታለልኳት ይመስል።

አሁን የምነግርሽ ግን 4 ሺህ ብሩ ያላመጣልኝን፣ በነጻ ያገኘሁትን ነው። ጥበቃው አባት «የመንደሩን ቦታ ከፈለጋችሁ ስትመለሱ ከአስፋልቱ ወረድ ብሎ ያለው የድንጋይ ቤት ነው፣ ባለቤቲቱን ጠይቁ» አሉን። ሄድን። (500 ብሯ እዚህ ላይ ናት።) ገና ከመኪና ሳንወርድ እናቴ «ይቺ አጥር! ፈረሱ የዘለላት አጥር!» ብላ ጮኸች። እውነትም የካቡ አጥር እሱው ነው። ከኋላ ያለው ባህር ዛፍም እሱው ነው፣ እናቴ ድራማውን ስታይ ሁሌ «ባህር ዛፍ የገባው በምኒልክ ነው፣ በድራማው ዘመን ከየት አመጡት» የምትልበት ዛፍ፣ ሄዳ ነካችው።

እትዬ፣ የቤቱ ባለቤት፣ ገብስ አጨዳ ላይ ነበረች፣ ማጭዷን እንደያዘች መጣች። መጀመሪያ ፊቷን ቋጠረችብን፣ የድራማ ሰዎች መስለናት ነው። አይ እኛ አይተን ብቻ ነው ስንላት ነው ነገሩ የወጣው። ቤቱ ቆርቆሮ ነው፣ ድራማው ደግሞ የሳር ክዳን ይፈልጋል፣ ስለዚህ ቆርቆሮው ላይ እንጨት በሚስማር መትተው ሳር ከደኑበት። ሲጨርሱ ሳሩን ከብት በላው፣ እንጨቱን ነቅለው ሄዱ፣ ሚስማሩ የበሳው ቀዳዳ ቀረ። ክረምቱን ሙሉ ሲያንጠባጥብባት ከረመ። «ተመልሰን እንጠግናለን ብለውኛል» አለች፣ እንደሚመጡ አምናለች። የሳሩን ሁለት መቶ ብር ግን ከፍለዋታል፣ እሱንም ሳትደብቅ ነገረችን።

ጾም ስለነበር ቆሎና ቡና አቀረበች፣ ለሹፌሩ አረቄ ሰጥታው እኔ ነጠቅኩት። እናቴና እሷ ስለ ድራማው ሳይሆን ስለ በግ ሱፍ ዋጋ፣ ስለ ባና ብርድ ልብስ፣ ስለ ልጆቻቸው አወሩ፣ እትዬ ለካ ድራማውን አይታው አታውቅም፣ ቴሌቪዥን የላትም። የወንድሜ ልጅ በስልኩ አሳያት። ቤቷን አየችና «ሳር ሲለብስ ያምር ነበር አይደል» አለች፣ ከዛ አስጠጋችና «ይቺ ሴትዮ በኔ ምጣድ ነው የጋገረችው፣ ጠርዙን ሰብራዋለች» ብላ ስትል እኛ በሳቅ ሞትን። እኔ ቀኑን ሙሉ የፈለግኩት ሎኬሽን ይሄ ነበር፣ ካርታ ላይ የለም፣ ደላላውም አያውቀውም።

4. ምግቡንም፣ ሽንት ቤቱንም፣ ምናምኑንም ደብረ ብርሃን ላይ ጨርሺ፣ ከዛ በኋላ የምትተማመኚበት አይደለም። ከዚህ ሌላ ነጥብ የለኝም።

አንቺ ከሄድሽ ትራይፖድ ቤትሽ ይቅር፣ ለማንም ቅድሚያ ብር አትላኪ፣ ጥበቃ ላይ ያሉ ትልልቅ ሰዎችን በአክብሮት ጠይቂ፣ አብዛኞቹ አንዱ ድራማ ላይ ጋሻ ይዘው የቆሙ ናቸው። ለእናትሽም ክፍሉ አዲስ አበባ እንደሆነ ከመነሳታችሁ በፊት ንገሪያት፣ እኔ ላይ የደረሰው ኩርፊያ እንዳይደርስብሽ። የድንጋይ ቤቱን አቅጣጫ እዚህ አልጽፍም፣ ሰው እየሄደ ያስቸግራታል፣ በውስጥ መስመር ጻፊልኝና እነግርሻለሁ። ባዶ እጅሽን ግን አትሂጂ፣ አንድ ኪሎ ቡናና ስኳር ያዢላት። እናቴ ደግሞ መልእክት አላት፣ አሁን ድራማው ሲደገም ያ ቤት ሲመጣ ተዋናይዋን ትታ ጣሪያውን ነው የምታየው፣ ተጠግኖ እንደሆነ እዪና ንገሪን።