ጅብ ነክሶ የእብድ ውሻ በሽታ ይባላል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሐረር ነው የምኖረው። ማታ ማታ ጅብ እንደ ጎረቤት በየበራችን ይመላለሳል። ሰው ጅብ ነክሶት ቢታመም "የእብድ ውሻ በሽታ ያዘው" ይባላል ወይስ "የእብድ ጅብ"? ድሬዳዋ ያለው ወንድሜ ደግሞ "ወባ ነከሰችኝ" ይላል። ልክ ነው?

መልስ፦ ጅብም ይንከስ ቀበሮ፣ "የእብድ ውሻ በሽታ" ነው። ውሻ እዚህ ላይ የስሙ አካል ነው እንጂ ነካሹን አይናገርም። ነካሹን ለመናገር ግሱ አለልዎት፤ "ጅብ ነክሶት የእብድ ውሻ በሽታ ያዘው" ቢሉ ማንም ግር አይለው። "የእብድ ጅብ በሽታ" ካሉ ግን ሰሚው አዲስ በሽታ የገባ ይመስለዋል።

ስሙ ውሻን ያለ ጥፋቱ ይከሳል የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። በዓለም ላይ ሰው ከሚያዝባቸው 100 አጋጣሚዎች 99 ያህሉ ከውሻ የመጡ ናቸው። በ2003 እ.ኤ.አ. ባሌ ተራሮች ላይ ቀይ ቀበሮን የፈጀውንም ወረርሽኝ ተመራማሪዎች ሲከታተሉት ምንጩ ሆኖ የተገኘው የመንደር ውሻ ነው። ዱሩን የበከልነው እኛው ነን ማለት ነው።

ይልቅ አንድ ግሩም ግስ እየተረሳ ነው፦ ለከፈ። "ያበደ ውሻ ለከፈው" ሲባል ጥርሱ ጠልቆ ገባም አልገባም፣ ነገሩ ተላልፏል ማለት ነው፤ ልክፍትም የዚሁ ዘመድ ነው። ሳይንሱም ከዚህ አይርቅም። ቫይረሱ ያለው ለሃጩ ውስጥ ስለሆነ፣ የተጫረ ቆዳ ቢልስም ሊያስይዝ ይችላል። ስለዚህ "አልነከሰኝም፣ ጫር ነው ያደረገኝ" ብሎ ቤት መተኛት የለም። በሳሙናና በውሃ 15 ደቂቃ መታጠብ፣ ከዚያ በቀጥታ ለክትባት መሮጥ ነው፤ ምልክቱ አንዴ ከጀመረ የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል።

ወደ ወንድምዎ ስመጣ፣ ወባ በሽታው ነው፤ የምትነክሰው ትንኟ ናት። ለጨዋታ ችግር የለውም፣ አገሩ ሁሉ እንደዚያ ነው የሚለው። ድሬዳዋ ላይ ግን ያሳስታል። እዚያ ክዳን በሌለው በርሜል ውሃ ውስጥ የምትራባ፣ ቀን ቀን የምትነክስ ሌላ ትንኝ አለች፤ በ2013 እ.ኤ.አ. ከተማዋን ያተኮሳት ደንጊም፣ በ2019 የመጣው ቺኩንጉንያም የእሷ ሥራ ነው። ትኩሳት ይዞት ጤና ጣቢያ ከሄደ "ትንኝ ነከሰችኝ" ይበል፣ ቀን ይሁን ማታም ይጨምርበት፤ የበሽታውን ስም ምርመራው ያውጣለት።