የመጻሕፍት ዓምድ፦ ስለ ልዩ እትም ሣጥን ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

በእንግሊዝና በአሜሪካ በየወሩ አንድ ያጌጠ መጽሐፍ በሣጥን እያሸጉ ለደንበኞቻቸው የሚልኩ ድርጅቶች አሉ። መጽሐፉ ብዙውን ጊዜ አዲስ የወጣ ልብ ወለድ ሲሆን፣ ለዚያ ድርጅት ብቻ የተዘጋጀ ሽፋንና በቀለም ያጌጠ የገጽ ጠርዝ ይኖረዋል፤ አንዳንዴም የደራሲው ፊርማ ያርፍበታል። ከባሕር ዳርና ከአካባቢዋ በዚህ ጉዳይ ላይ የሚደርሱን ደብዳቤዎች ስለበዙ ዛሬ በአንድነት እንመልሳቸዋለን።

ጥያቄ፦ በሽምብጥ የምትኖር አንዲት ወጣት የባንክ ሠራተኛ፣ አሜሪካ ያሉት አክስቷ የአንድ ዓመት ደንበኝነት በስጦታ ሊገዙላት እንዳሰቡ ጽፋልናለች። ሣጥኖቹ በአክስቷ ቤት ይጠራቀሙና እርሳቸው ለክረምት ሲመጡ ይዘውላት ይመጣሉ። «ለዋጋው ይመጥናል ወይ?» ትላለች።

መልስ፦ እኅቴ፣ የሚያምር መጽሐፍ መመኘት ከንቱነት አይደለም። በክብራን ገብርኤልም ሆነ በዳጋ እስጢፋኖስ አባቶቻችን ብራና ፍቀው፣ በጥቁርና በቀይ ቀለም ጽፈው፣ ሐረግ ስለው፣ በእንጨት ገበታና በቆዳ ደጉሰው፣ በመጨረሻም ማኅደር ያለበሱት መጽሐፍ ክብር ይገባዋል ብለው ስላመኑ ነው። ስለዚህ ጠርዙ ያጌጠ መጽሐፍ ደስ ካሰኘሽ ማንም ሊነቅፍሽ አይገባም። እኔን የሚያሳስበኝ በደንበኝነት ጊዜ ከገንዘቡ ጋር ምርጫሽንም ለሌላ ሰው አሳልፈሽ መስጠትሽ ነው። ይህ አሠራር ዛሬ የተጀመረ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1926 በአሜሪካ የተመሠረተው «የወሩ መጽሐፍ ክለብ» ዳኞቹ የመረጡትን መጽሐፍ በፖስታ ይልክ ነበር፤ አባሉ አልፈልግም ብሎ በጊዜው ካላሳወቀ መጽሐፉም ሂሳቡም የሚመጣበት ሥርዓት የተለመደውም በእርሱ ነው። የዛሬዎቹም ብዙዎቹ የሚሠሩት እንዲሁ ነው፤ «የዚህን ወር ዝለሉኝ» ካላልሽ ገንዘቡ ከካርዱ ላይ ይቆረጣል፣ ሥራ የበዛበት ሰው ደግሞ ቀኑን ይረሳዋል።

ስለዚህ ከመወሰንሽ በፊት ድርጅቱ ባለፉት 12 ወራት የላካቸውን መጻሕፍት ዝርዝር አውጥተሽ፣ ጌጡን ለጊዜው ወደ ጎን ትተሽ፣ እያንዳንዱን በተራ እትም ብታገኚው ገዝተሽ ታነቢው እንደነበር ራስሽን ጠይቂ። አብዛኞቹ ድርጅቶች የሚያተኩሩት በምናባዊ ልብ ወለድ፣ በፍቅር ታሪክና ለወጣቶች በሚጻፉ መጻሕፍት ላይ ነው። ንባብሽ ታሪክ ወይም ግጥም ከሆነ ዝርዝሩ ወዲያው መልሱን ይነግርሻል። ከ12ቱ የምትፈልጊያቸው ከግማሽ በታች ከሆኑ ነገሩ ለአንቺ አይደለም።

ወደ ገንዘቡ ስንመጣ፣ አንዱ ሣጥን 35 ዶላር ነው ብንል የዓመቱ ሂሳብ ከማድረሻው ውጪ 420 ዶላር ይሆናል። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ከዚያ ወዲህ ከ100 ብር በላይ ስለሆነ፣ ያኔ 2,000 ብር ገደማ ይመጣ የነበረው አንድ ሣጥን አሁን ከ3,500 ብር ያልፋል። ስጦታ ቢሆንም ገንዘቡ የአክስትሽ ድካም ነውና ይህን ማስላት አለማመስገን አይሆንም። ክብደቱም አለ፤ ጠንካራ ሽፋን ያላቸው 12 መጻሕፍት በቀላሉ ስምንት ኪሎ ሊደርሱ ይችላሉ፣ ይህም 23 ኪሎ ከሚይዝ የአውሮፕላን ሻንጣ ሲሶውን ይወስዳል።

በደብዳቤሽ ውስጥ ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ ግን ሣጥኖቹ ሳይከፈቱ እስከ ክረምት መጠራቀማቸው ነው። ማዕዘኑ የተጣመመ፣ ገጽ የጎደለው ወይም ጠርዙ ላይ ቀለም የፈሰሰበት መጽሐፍ ሲደርስ ድርጅቶቹ የሚተኩት በተወሰኑ ቀናት ውስጥ በፎቶ ሲያመለክቱ ብቻ ነው። በጥቅምት የደረሰ ጉዳት በሐምሌ ባሕር ዳር ላይ ቢታይ የሚሰማሽ የለም። አክስትሽ ሣጥኑን በደረሰ ዕለት ከፍተው ማየት ካልቻሉ፣ በዚህ ብቻ እንኳ ደንበኝነቱን አልመክርሽም።

ሌላው ነገር የመጽሐፉ አካል ነው። የአንዱን ልዩ እትም ጀርባ ከላይ በኩል አቅርበሽ ተመልከቺው። ወረቀቶቹ በእጥፍ በእጥፍ ተሰብስበው በክር ከተሰፉ ትንንሽ ቅስቶች ተደርድረው ይታያሉ፤ ቀጥ ያለ የሙጫ መስመር ብቻ ካየሽ ግን የተከፈለው ለላዩ ልብስ ነው፣ ውስጡ ከተራው እትም አይለይም። ፊርማውንም አጣሪ፤ ደራሲው በእጁ ፈርሞበት ከመጽሐፉ ጋር የተጠረዘ ወረቀት አለ፣ በማተሚያ የተባዛ ፊርማም አለ፣ ሁለቱ በዋጋ እኩል ሊሆኑ አይገባም። ተከታታይ ክፍል ያለው ታሪክ ከሆነ ደግሞ ድርጅቱ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን በዚያው መልክ እንደሚያወጣ ቃል መግባቱን ማረጋገጥ ይኖርብሻል፤ አለዚያ መደርደሪያሽ ላይ ወንድም አልባ አንደኛ መጽሐፍ ይቀራል።

የእኔ ፍርድ ይህ ነው፦ ድርጅቶቹ የተረፏቸውን ቅጂዎች ብዙ ጊዜ በነጠላ ይሸጣሉና፣ አክስትሽ አንቺ ስማቸውን የጻፍሽላቸውን ሦስት ወይም አራት መጻሕፍት በዚያ መንገድ ይግዙልሽ፤ በቀረው ገንዘብ እዚሁ ከመጻሕፍት መደብር የምትመርጪያቸውን የአማርኛ መጻሕፍት ግዢ። ዝርዝሩን አይተሽ አብዛኞቹን በእውነት የምትፈልጊያቸው ከሆነና አክስትሽም በየወሩ ከፍተው ለማየት ከፈቀዱ፣ በሦስት ወር ጀምሪ እንጂ ዓመት አትያዢ።

ጥያቄ፦ የታሸገበትን ላስቲክ ሳልከፍት ላስቀምጠው?

መልስ፦ ይክፈቱት፤ ጉድለት ያለው መሆኑ የሚታወቀው ተከፍቶ ነው፣ የሚነበበውም እንዲሁ።

ጥያቄ፦ የፖሊ ግቢ ተማሪ የሆነ አንባቢ፣ ሁለት ሁለት ሣጥን እያስመጣ አንዱን ለራሱ አስቀርቶ ሌላውን በቴሌግራም በእጥፍ ዋጋ ለመሸጥ አቅዷል። አንዳንድ እትሞች በውጭ አገር ገበያ በብዙ እጥፍ ሲሸጡ ማየቱንም ይጠቅሳል።

መልስ፦ ያየኸው እውነት ነው፣ ነገር ግን ያየኸው የተሳካላቸውን ብቻ ነው። አንድ ልዩ እትም የሚወደደው ደራሲው ገና ሳይታወቅ በጥቂት ቅጂ ታትሞ ኋላ ስሙ ሲገን ነው፤ ያንን አስቀድሞ ማወቅ አሳታሚዎቹም አልሆነላቸውም። እ.ኤ.አ. በ1973 የተቋቋመው የአሜሪካው ፍራንክሊን ላይብረሪ በቆዳ የተጠረዙ፣ ጠርዛቸው በወርቅ ያጌጠ መጻሕፍትን ለብዙ ዓመታት በደንበኝነት ሸጦ በ2000 ሥራውን አቁሟል፤ ዛሬ ብዙዎቹ ጥራዞች በአሮጌ መጻሕፍት ገበያ በርካሽ ይገኛሉ። የተሰበሰበው ሁሉ ብርቅ አይሆንም። በአንተ ሁኔታ ደግሞ ገዢዎችህ እንግሊዝኛ ልብ ወለድ የሚያነቡና ለአንድ መጽሐፍ ሰባት ሺህ ብር የሚያወጡ የባሕር ዳር ወጣቶች መሆን አለባቸው፤ ጓደኞችህን ቆጥረህ መልሱን ታገኘዋለህ። የትምህርት ገንዘብህን እዚህ ውስጥ አታስገባ። የቀረጡን ነገር ጉምሩክ ይነግርሃል።

ጥያቄ፦ እዚሁ ሆኜ በራሴ ካርድ መመዝገብ እችላለሁ?

መልስ፦ ለውጭ ክፍያ የሚሠራ ካርድ ካለዎት ይቻላል፤ ገደቡን ባንክዎን ይጠይቁ። የፖስታ ሣጥን ቁጥርን እንደ አድራሻ የማይቀበሉ ላኪዎች ስላሉም አስቀድመው ይወቁ።

ጥያቄ፦ ቤታቸው ከሐይቁ ዳር የሆነ እናት፣ ልጃቸው ያስመጣቻቸው መጻሕፍት በክረምት ጠርዛቸው እየተጣበቀና ሽፋናቸው ላይ ነጭ ሻጋታ እየወጣ መቸገራቸውን ጽፈዋል። ፀሐይ ላይ ቢያሰጧቸው ይሻል እንደሆነም ይጠይቃሉ።

መልስ፦ እባክዎ ፀሐይ ላይ አያስጧቸው። ፀሐይ የጠርዙን ቀለም ያደበዝዛል፣ ሽፋኑንም ያጣምማል። ከሰኔ እስከ መስከረም የሐይቁ ዳር አየር እርጥበት የበዛበት ስለሆነ መደርደሪያውን ከውጭው ግድግዳ አንድ ስንዝር ያህል ያርቁት፣ መጻሕፍቱንም አያጨናንቋቸው፣ በፌስታል አይጠቅልሏቸው፤ ላስቲክ እርጥበቱን ውስጥ ያፍነዋል። ዝናቡ ባባራ ቁጥር መስኮት ይክፈቱ። የሻገተውን ከቤት ውጭ በጥላ ሥር በነፋስ አድርቀው፣ አፍና አፍንጫዎን ሸፍነው፣ በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ይጥረጉት። የተጣበቀው ጠርዝ መጽሐፉን በኃይል በመክፈት አይላቀቅም፤ ጥቂት ጥቂት ገጾችን በአውራ ጣት ቀስ አድርጎ ማላቀቅ ያስፈልጋል፣ አለዚያ ቀለሙ ከወረቀቱ ጋር ይላጣል። አስም ያለበት ሰው ቤት ውስጥ ካለ ሐኪም ያማክሩ።

ጥያቄ፦ ከዘጌ የጻፉልን አባት ከአያታቸው የወረሱት የብራና ዳዊት አላቸው። የልጅ ልጃቸው በስልክ ያሳያቸውን ልዩ እትሞች አይተው፣ የእርሳቸውም መጽሐፍ ጠርዙ ተስተካክሎ ተቆርጦ በወርቃማ ቀለም ቢቀባ ያምር እንደሆነ ይጠይቃሉ። አንድ ሰው ወደ ውጭ አገር ወስዶ እንደሚያስጠግንላቸው ነግሯቸዋል።

መልስ፦ አባቴ፣ ይህን አያድርጉ፤ መጽሐፉንም ለዚያ ሰው በእጁ አይስጡት። የብራናው ጠርዝ ሲቆረጥ መስመር ለማስመር የተወጉት ጥቃቅን ቀዳዳዎች፣ የባለቤቶች ስምና በዳር የተጻፉ ማስታወሻዎች አብረው ይሄዳሉ፤ ስለ መጽሐፉ ዕድሜና ስለ ጸሐፊው የሚመሰክሩት እነርሱ ናቸው። ወርቃማ ቀለሙም ብራናው ላይ ከገባ በኋላ አይወጣም። ፕላስተር፣ ሙጫና ቫርኒሽም አያስነኩት።

ሁለተኛው ጉዳይ ሕግ ነው። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ መመዝገብ አለበት፣ ያለ ፈቃድም ከአገር ማውጣት ክልክል ነው፤ ለጥገና ነው ተብሎ ወጥቶ ሳይመለስ ቢቀር ቤተሰብዎም አገሪቱም ያጡታል። ስለዚህ በዚህ ሳምንት ከልጅዎ ወይም ከልጅ ልጅዎ ጋር ባሕር ዳር ወደሚገኘው የክልሉ ባህልና ቱሪዝም ቢሮ ሄደው የቅርስ ባለሙያ ያነጋግሩ። መጀመሪያ ሲሄዱ ፎቶውን ይዘው ይሂዱ፣ መጽሐፉ ከቤት አይውጣ። ድጉሰቱ ከላላ ከባለሙያው ጋር ተማክረው የአገራችንን ድጉሰት የሚያውቅ ደጓሽ ያዩታል። ይህን ምክር እንደ ወግ አይቁጠሩብኝ፤ እስኪሄዱ ድረስ ደግሜ እጽፍልዎታለሁ።

ጥያቄ፦ ስድስት የፔዳ ግቢ ተማሪዎች አንድ ደንበኝነት በጋራ ገብተው መጽሐፉን በተራ ቢያነቡ ይሆናል ወይ ይላሉ።

መልስ፦ ሐሳባችሁ መልካም ነው፣ ደንበኝነቱን ግን በዕቁብ ለውጡት። በየወሩ ሁላችሁም እኩል አዋጡና ዕጣ የወጣለት መጽሐፉን ይምረጥ፤ ከገዛችሁት በኋላ ስድስታችሁም በተራ አንብባችሁት መጨረሻ ላይ ለመረጠው ይቅር። እንዲህ ሲሆን ምርጫው በእናንተው እጅ ይቆያል፣ በስድስት ወር ውስጥም እያንዳንዳችሁ ስድስት መጽሐፍ አንብባችሁ አንዱን የራሳችሁ ታደርጋላችሁ። አንዱ ሰው መጽሐፉን ስንት ቀን እንደሚይዝና ጠፍቶበት ቢገኝ ማን እንደሚተካው የመጀመሪያውን ከመግዛታችሁ በፊት በጽሑፍ ተስማሙ።