ኤሌክትሪክ ሥራ ብማር የዩኒቨርሲቲ በር ይዘጋብኛል ወይ ላልከው

አይዘጋም። ሁለተኛ ደረጃ ጨርሰው ሙያ የተማሩ፣ ጥቂት ዓመት ሠርተው በኋላ ዩኒቨርሲቲ የገቡ ሞልተዋል። ጀርመን ውስጥ «ማይስተር» የሚባለውን ከፍተኛ የሙያ ፈተና ያለፈ ባለሙያ ዩኒቨርሲቲ ማመልከት ይችላል። አባትህ «ሙያ የሰነፍ ነው» ካሉህ ይህን ንገራቸው።

ግን ዝም ብለህ አትመዝገብ። መጀመሪያ ማሠልጠኛውን እነዚህን ጠይቅ፦

1. ለምስክር ወረቀቱ እውቅና የሚሰጠው ማን ነው? ወደሚቀጥለው የትምህርት ደረጃስ ያስገባል? መልሱን በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ተቀበል።

2. የተግባር ሥራው ስንት ሰዓት ነው? ማከፋፈያ ሳጥን ከፍቶ የትኛው ሽቦ የት እንደሚገባ በእጁ ያልሠራ ሰው፣ ሰሌዳ ላይ በተሳለ ሥዕል ብቻ ኤሌክትሪሺያን አይሆንም።

3. ልምምድ የሚያስገቡህ እነሱ ናቸው ወይስ ራስህ ፈልግ ይሉሃል?

አንድ ነገር ልጨምር፦ ሒሳብህን አትጣል። እጃቸው ወርቅ የሆነ ልጆች አውቃለሁ፤ ከዓመታት በኋላ ምህንድስና ልማር ሲሉ ያስቸገራቸው ሽቦው ሳይሆን የረሱት አልጀብራ ነው። በሳምንት አንድ ሁለት ቀን ደብተርህን ግለጥ። የትምህርት ማስረጃህንም ዋናውን ለማንም አትስጥ፤ ኮፒው ይበቃቸዋል።