ሰፊ ስክሪን ያላቸው የኢ-ኢንክ ማንበቢያዎች የገበያ ዕጣ፦ ጥያቄና መልስ

(ኢ-ኢንክ እንደ ወረቀት የውጭ ብርሃንን እያንጸባረቀ የሚነበብ የስክሪን ዓይነት ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጥያቄ፦ ባለ 6 ኢንች ማንበቢያ እየረከሰ ሲመጣ ባለ 10ና ባለ 13 ኢንቹ እንደተወደደ የቀረው ለምንድን ነው?

መልስ፦ ዋጋውን ከሁሉ በላይ የሚወስነው የስክሪኑ ፓነል ነው። ኢንቹ የሚለካው ከጥግ እስከ ጥግ በመሆኑ የባለ 13.3 ኢንች ስክሪን የገጽ ስፋት ከባለ 6 ኢንቹ አምስት እጥፍ ያህል ስለሆነ ከአንድ የማምረቻ ገበታ የሚወጣው ቁጥር ያንሳል፤ በገበታው ላይ አንዲት እንከን ብትገኝም የሚጣለው ቁራጭ ትልቅ ነው። በዚያ ላይ የቴክኖሎጂውን አቅርቦት በአመዛኙ የያዘው አንድ ድርጅት፣ የታይዋኑ ኢ-ኢንክ ሆልዲንግስ ነው። ይህ ድርጅት በሱፐርማርኬት መደርደሪያ ላይ ለሚለጠፉ የዋጋ ማሳያዎች ትናንሽ ፓነሎችን በብዛት ስለሚሸጥ፣ ለጥቂት ገዢዎች ሲል የትልቁን ፓነል ዋጋ ለመስበር የሚያጣድፈው ነገር ያለ አይመስለኝም።

ጥያቄ፦ አማዞን ከብዙ ዓመታት በፊት ሞክሮት አልነበረም?

መልስ፦ ሞክሮት ነበር። ባለ 9.7 ኢንቹ ኪንድል ዲኤክስ በ2009 በ489 ዶላር ወጣ፤ ፕሪንስተንን በመሳሰሉ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎችም የመማሪያ መጻሕፍትን ይተካ እንደሆነ ተፈተነ። ተማሪዎቹ ግን በጽሑፉ ላይ ማስታወሻ መያዙና ከገጽ ወደ ገጽ መዝለሉ አላመቻቸውም። በአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲም የመሣሪያው ምርጫዎች በድምፅ ስለማይነበቡ የዓይነ ስውራን ማኅበራት ክስ አቀረቡ። በ2010 አይፓድ በተመሳሳይ 9.7 ኢንች ስፋት፣ ከለር ጨምሮ፣ በ499 ዶላር መጣ። በዚያው ዓመት የኔዘርላንዱ የማንበቢያ አምራች አይሬክስ ከሰረ፤ ፕላስቲክ ሎጂክ የተባለው ድርጅትም ኪው ብሎ ያስተዋወቀውን ማንበቢያ ገበያ ሳያደርስ ሰረዘው። ብዙ ሰው «አይፓድ ገደላቸው» ሲል እሰማለሁ፤ እኔ ግን ይህን የምቀበለው በከፊል ነው። እነዚያ መሣሪያዎች ሰፊውን ገጽ ከማሳየት ባለፈ በገጹ ላይ ለመሥራት ስለማያመቹ፣ አይፓድ ባይመጣም ከሠርቶ ማሳያነት የሚያልፉ አይመስለኝም።

ጥያቄ፦ የአይሬክስ መሣሪያ እኮ ብዕር ነበረው። ታዲያ ዛሬ ምን ተለወጠ?

መልስ፦ ትክክል ነዎት፣ ብዕር ነበረው። የተለወጠው ፍጥነቱና ዋጋው ነው። የኢ-ኢንክ ስክሪን የሚሠራው ኤሌክትሪካዊ ሙል ያላቸውን ጥቁርና ነጭ ቅንጣቶች ወደ ላይና ወደ ታች በማንቀሳቀስ ነው፤ ምስሉ ሳይለወጥ እስከቆየ ድረስ ኃይል አይፈጅም፣ በአንጻሩ ለውጡ ዘገምተኛ ነው። በመሆኑም መስመሩ ከብዕሩ ኋላ ኋላ ይጎተት ነበር። የኖርዌዩ ሪማርከብል በ2017 ሥራውን ሁሉ በዚህ ችግር ላይ አተኩሮ ገበያ ገባ፤ በ2020 ያወጣው ሁለተኛው መሣሪያም ይህን መዘግየት ወደ 21 ሚሊሰከንድ እንዳወረደ አስታወቀ። ከዚያ ወዲህ ሰፊው ስክሪን የሚሸጠው እንደ መጽሐፍ ማንበቢያ ሳይሆን እንደ ደብተር ነው፤ የገበያውንም አቅጣጫ የለወጠው ይኸው ነው ብዬ አምናለሁ። የማንበቢያ አምራቹ ኮቦ ኤሊፕሳን በ2021፣ አማዞን ኪንድል ስክራይብን በ2022 ሲያወጡ ሁለቱም ብዕር ጨምረው ነበር። አማዞን ትቶት ወደነበረው ስፋት በ340 ዶላር ገደማ መመለሱ ለእኔ ከማንኛውም ትንበያ የበለጠ ምልክት ነው።

ጥያቄ፦ ከለር መጨመሩ ገበያውን ያሰፋዋል?

መልስ፦ በቅርቡ ያሰፋዋል ብዬ አልጠብቅም። ካሌይዶ የተባለው ዓይነት በጥቁርና ነጩ ስክሪን ላይ የቀለም ማጣሪያ ስለሚደርብ ገጹ ይጠቁራል፤ በሦስተኛው ትውልዱ የጽሑፉ ጥራት በኢንች 300 ነጥብ ሲሆን የከለሩ 150 ብቻ ነው። ጋለሪ የተባለው ቀለማቱን በራሳቸው በቅንጣቶቹ ስለሚሠራ ይሻላል፣ ግን አዝጋሚ ነው። በዚሁ ላይ የተመሠረተው ባለ 11.8 ኢንቹ ሪማርከብል ፔፐር ፕሮ በ2024 ሲወጣ ዋጋው 579 ዶላር ነበር፤ ይህም ገዢውን የሚያበዛ ዋጋ አይደለም።

ጥያቄ፦ ለዓይን ይሻላል የሚባለውስ?

መልስ፦ የወረቀት ያህል የውጭ ብርሃን ስለሚያንጸባርቅ በፀሐይ ላይ በደንብ ይነበባል። ከዚያ ያለፈውን ለዓይን ሐኪሞች እተዋለሁ።

ጥያቄ፦ የአማርኛ መጻሕፍትን ለሚያነብ ሰው ሰፊው ስክሪን ያስፈልገዋል?

መልስ፦ ከእንግሊዝኛ አንባቢ ይልቅ ያስፈልገዋል ባይ ነኝ። በእጃችን ያሉት የአማርኛ መጻሕፍት በብዛት ስካን የተደረጉ ፒዲኤፎች ናቸው፤ እነዚህም ኢፐብ ከተባለው የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ፋይል በተለየ ፊደላቸውን አሳድጎ መስመሩን ከስክሪኑ ጋር ማስተካከል አይቻልም። ገጹ ወደ 6 ኢንች ሲጨመቅ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠፉት ቡን ከቢ፣ ቤን ከቢ የሚለዩት ትንንሽ ቅጥያዎች ናቸው። ባለ 10.3 ኢንች ስክሪን ከኤ5 ወረቀት ጋር ስለሚቀራረብ በዚያ መጠን የታተመን መጽሐፍ በሙሉ ልኩ ያሳያል። ባለ 13.3 ኢንቹን የምመክረው ግን በኤ4 የተጻፉ የመመረቂያ ጽሑፎችን ለሚያርሙና አማርኛውና እንግሊዝኛው ጎን ለጎን የሚታተምበትን የፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ ዘወትር ለሚያገላብጡ የሕግ ባለሙያዎች ነው። ለኢፐብ ከሆነ ኮቦና ኦኒክስ ቡክስ የተባሉት አምራቾች የራስዎን የግዕዝ ፊደል ፎንት እንዲጭኑ ስለሚፈቅዱ ትንሹም ይበቃል።

ጥያቄ፦ ዋጋው እስኪወርድ ልጠብቅ?

መልስ፦ ባለ 10 ኢንቹን ከሆነ መጠበቁ ጥቂት ሊጠቅም ይችላል፤ ተወዳዳሪዎች በዝተዋልና። ባለ 13 ኢንቹ ግን ገዢው በሙያው ሰነድ የሚያነብ ሰው ብቻ ሆኖ እስከቀጠለ ድረስ ከዚህ ብዙ የሚረክስ አይመስለኝም። ሶኒ የመጀመሪያውን በ1,100 ዶላር ሲሸጥ እንኳ ያነጣጠረው በእነዚሁ ሰዎች ላይ ነበር። ከውጭ በዘመድ የሚያስመጡ ከሆነ አገር ቤት ዋስትና ስለማያገኙ፣ የሚያመጣልዎ ሰው ከመነሣቱ በፊት ስክሪኑን አብርቶ ጥቁር መስመር እንደሌለበት ቢያረጋግጥልዎ መልካም ነው፤ ስክሪኑ ከተሰነጠቀ ማስቀየሪያው አዲሱን ከመግዛት አይተናነስምና።