«ካምቢዮው ይውረድ» ከመባሉ በፊት

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች ከከተማዋ ዳር ዳር የመጡ ናቸው። ሁሉም ዞረው ዞረው አውቶማቲክ ካምቢዮ (ማርሹን ራሱ የሚቀይረው የማርሽ ሳጥን) ላይ ያርፋሉ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ኮሮላዬ ጠዋት ከለገጣፎ ስነሳ ደህና ናት። ማታ መገናኛ ላይ በመኪና ጭንቅንቅ ቆማ ስመለስ ግን ነዳጅ ስረግጥ ሞተሩ ይጮሃል፣ መኪናዋ አትሄድም። አንድ መካኒክ ኮፈኑን እንኳ ሳይከፍት «ካምቢዮው ይውረድ» አለኝ። ላስወርደው?

መልስ፦ አታስወርድ፤ ቢያንስ ዛሬ። የነገርከኝ በእርግጥ የመንሸራተት ምልክት ነው፤ የሞተሩ ዙር ይወጣል፣ ፍጥነቱ ባለበት ይቀራል። በካምቢዮው ውስጥ ማርሾቹን የሚይዙትን የፍሪሲዮን ዲስኮች አጣብቆ የሚይዛቸው የዘይት ግፊት ነው። ዘይቱ ካነሰ፣ ወይም አርጅቶ ሲግል ከቀጠነ፣ ግፊቱ ይወርዳል፤ ዲስኮቹ ይንሸራተታሉ። ማታ ማታ የሚብስብህ ለዚህ ይመስለኛል።

ስለዚህ ዘይቱን እይ። መኪናዋን ደልዳላ ቦታ ላይ አቁማት። ሞተሩ ሞቆ እየሠራ፣ ፍሬን ረግጠህ ማርሹን በየቦታው አዙረህ ፒ (መቆሚያው) ላይ መልሰው። የካምቢዮውን የዘይት መለኪያ ዘንግ ሳብ፣ ጥረግ፣ መልሰህ ክተት፣ እንደገና ሳብና ልኩን አንብብ። (ሆንዳ ያለው አንባቢ ይህን እንዳይከተል፤ የሆንዳ ሞተሩ ጠፍቶ ነው የሚለካው።) ቀጥለህ አንድ ጠብታ ነጭ ሶፍት ላይ አሳርፍ። ጤነኛ ዘይት ቀይ ሆኖ ይሰፋል። ቡና መስሎ መሐሉ ላይ ጥቁር ደቃቅ ከተወ ዲስኮቹ እያለቁ ነው። አሽትተውም፤ እንዳረረ ምጣድ የሚከረፋ ከሆነ ጉዳቱ ውስጥ ገብቷል። ወተት የገባበት ሮዝ ቀለም ካየህ ደግሞ የራዲያተር ውኃ ተቀላቅሎበታልና መኪናዋን አታንቀሳቅሳት።

ልኩ ጎድሎ ካገኘኸው ሞልቶ ዝም ማለት አይበቃም። ካምቢዮ እንደ ሞተር ዘይት አያቃጥልም፤ ከጎደለ ፈስሷል። ማታ ከሥሯ ካርቶን አንጥፍ፤ ጠዋት ጠብታው የት ላይ እንደወረደ ያሳይሃል። አብዝቶ መሙላትም መዘዝ አለው። እኔው ራሴ በወጣትነቴ ለአንድ ደንበኛ በደግነት ከምልክቱ በላይ ሞልቼለት፣ ዘይቱ አረፋ ሆኖ መኪናው ከቀድሞው ብሶበት ተመልሶ መጣ። ትርፉን ስቀዳለት ዳነ፤ እኔ ግን ያን ቀን የተሰማኝን እፍረት አልረሳሁትም።

ልኩም ቀለሙም ደህና ከሆነ በኮምፒውተር ይነበብ። ፒ0730 የሚል ኮድ ማርሹ በሚገባው ልክ እንዳልያዘ፣ ፒ0741 ደግሞ የቶርክ ኮንቨርተሩ (የሞተሩን ኃይል በዘይት ወደ ካምቢዮው የሚያስተላልፈው ክፍል) መቆለፊያ እንዳልሠራ ይጠቁማል። የሚንሸራተተው በአንድ ማርሽ ላይ ብቻ ከሆነ ጥርጣሬው በዚያ ማርሽ ዲስክ ወይም ሶሌኖይድ (የዘይቱን መንገድ በኤሌክትሪክ በሚከፍትና በሚዘጋ ቫልቭ) ላይ ነው። በሁሉም ላይ ከሆነ ዘይት፣ ፊልትሮ ወይም ፓምፕ ይጠረጠራል። ካምቢዮ ይውረድ አይውረድ የሚባለው ከዚህ በኋላ ነው።

ጥያቄ፦ ወደ ሱሉልታ ስሄድ የእንጦጦ ዳገት ላይ መኪናዬ ጉልበት ታጣለች። ካምቢዮው እየሄደ ይሆን?

መልስ፦ የዙር መለኪያውን ይመልከቱ። ዙሩም ፍጥነቱም አብረው ከደከሙ ካምቢዮውን አይውቀሱ። አዲስ አበባ ራሷ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የእንጦጦ አናት ደግሞ ከ3,000 ያልፋል። እዚህ አየሩ ስስ ስለሆነ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛውን፣ ከዚያም በላይ ያጣል። ዳገቱ ላይ ማርሹ ሦስትና አራት እያለ ከተመላለሰብዎት የኦቨርድራይቭ (የላይኛውን ማርሽ የሚፈቅደውን) ቁልፍ ያጥፉት። የዙሩ መርፌ ዘልሎ ፍጥነቱ ካልተከተለ ግን ከላይ ለለገጣፎው ወንድማችን የጻፍኩትን ያንብቡ።

ጥያቄ፦ ገላን ላይ ባትሪዬ ሞቶ ልጆች ቢገፉትም አልነሳም አለ። መኪናው አውቶማቲክ ነው። ምን አጠፋሁ?

መልስ፦ ልጆቹን አደከሙ እንጂ ምንም አላጠፉም። የካምቢዮው ፓምፕ የሚዞረው በሞተሩ ነው፤ ሞተር ካልሠራ ግፊት የለም፣ ጎማው ሞተሩን ሊያዞር አይችልም። ከሌላ መኪና ባትሪ በኬብል ያስነሱት።

ጥያቄ፦ ቪትዝ አለኝ። ባለ ሱቁ «ቀዩን ዘይት አድርጊበት፣ ሁሉም አንድ ነው» አለኝ።

መልስ፦ አንድ አይደለም፣ እህቴ። ከቪትዞቹ ብዙዎቹ ሲቪቲ (ደረጃ ያለው ማርሽ የሌለው ካምቢዮ) ናቸው፤ ኃይል የሚያስተላልፉት በብረት ቀበቶ ነው። የራሳቸው ዘይት አላቸው፤ ተራው የአውቶማቲክ ዘይት ቀበቶውን አንሸራትቶ ይፍቀዋል። በመኪናሽ መመሪያ ላይ የተጻፈውን ስም ገልብጠሽ ሂጂ፤ ያ ስም ጣሳው ላይ ከሌለ አትግዢ።

ጥያቄ፦ አያት አካባቢ ያገለገለ አውቶማቲክ መኪና ልገዛ ነው። ካምቢዮውን እንዴት ልፈትሽ?

መልስ፦ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ይድረሱ። ፍሬን ረግጠው ከኤን (ነጻ) ወደ ዲ (ወደ ፊት)፣ ከዚያም ወደ አር (ወደ ኋላ) ያስገቡ፤ ቶሎና በለስላሳው መያዝ አለበት። አንድ ሁለት ሰከንድ አርፍዶ በድንጋጤ ቢይዝ ይጠርጥሩ። ዳገት ፈልገው ወደ ኋላ ያውጡት፤ ብዙ የደከመ ካምቢዮ መጀመሪያ የሚጋለጠው በአር ነው። ከዚያ ግማሽ ሰዓት ነድተው፣ በደንብ ሲግል ይህንኑ ይድገሙት።

ገና ሲደርሱ ግን ኮፈኑን በመዳፍዎ ይንኩት። ሞቆ ከጠበቀዎትና ሻጩ «እንዳይቸገሩ ብዬ አሙቄልዎት ነው» ካለዎት፣ አመስግነው ይሂዱና በማግሥቱ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ይመለሱ፤ ሳይደውሉ።